ምክትላቸውስ አሉ?

ባለጉዳይ ሆኖ መሥሪያ ቤት የረገጠ ሁሉ ይህን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል። «ኃላፊው አሉ?» «የሉም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው።» «መቼ ይመጣሉ?» «እንጃ፤ እስቲ ከሰዓት ይሞክሩ።» «ምክትላቸውስ አሉ?» ጸሐፊዋ ይሄኔ ከኮምፒውተሯ ቀና ትላለች። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አያጋጥማትም። «እሳቸውማ አሉ» ትላለች። በእርግጥም አሉ። ሁልጊዜም አሉ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢሯቸው ውስጥ ናቸው፤ በራቸው ገርበብ ብሏል። የገባውን ሰው «አረፍ በል» ይላሉ፣ ጉዳዩን ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ፣ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያገላብጣሉ፣ «ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መመሪያውም ይፈቅዳል» ብለው ያረጋግጡለታል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ብቻ እሱ ይምጣና» ይላሉ። ባለጉዳዩ ደረጃውን ሲወርድ የሚያማው ሰውየውን ነው፤ ፈሪ ናቸው፣ አድርባይ ናቸው፣ ወንበር አሟቂ ናቸው ይላል። ሐሜቱ ያለ ቦታው የዋለ ይመስለኛል። ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የሹመቱ አበጃጀት ነው። ምክትል የሚሾመው ዋናው በሌለበት እንዲሠራ ነው፤ ሹመቱ ግን ዋናው ከሌለ ምንም እንዳይሠራ ተደርጎ ይበጃል። ያበጀውም አብዛኛውን ጊዜ ያው የሌለው ሰው ነው።

የምክትልን ውሎ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሥራ የለውም ሊል አይችልም። እንዲያውም ከዋናው የበዛ ሥራ አለው፤ ብቻ ማንም የማይሻማበት ዓይነት ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰበስባል፣ የንብረት ቆጠራ ይከታተላል፣ የሠራተኛ ቅሬታ ይሰማል፤ የክበቡ ሽሮ ቀጠነ የሚለውን ጭምር። ለቅሶ ላይ መሥሪያ ቤቱን ይወክላል፤ ሠርግ ላይ አይወክልም። ትምህርት ቤት ከሆነ ምክትል ርእሰ መምህሩ ጧት በር ላይ ቆሞ አርፋጅ ይለቅማል፣ የተደባደቡ ልጆችን ወላጅ ያስጠራል፣ የቀረ መምህር ክፍለ ጊዜ ያሸጋሽጋል፤ የወላጆች በዓል ቀን ዋንጫ የሚሰጡት ግን ርእሰ መምህሩ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው የመክፈቻ ንግግር ነው። ዐውደ ጥናት ተዘጋጅቷል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ የፕሮግራም መሪው «ክቡርነታቸው ድንገተኛና አስቸኳይ ሥራ ስላጋጠማቸው» ብሎ ይጀምራል። ምክትሉ ይነሣሉ። እጃቸው ላይ ያለው ንግግር ለዋናው የተጻፈ ነው፤ የደረሳቸውም ወደ አዳራሹ ሲመጡ መኪና ውስጥ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህን ተቋም እንድመራ ኃላፊነት ከተቀበልሁበት ዕለት ጀምሮ» የሚል አንቀጽ ብቅ ይላል። እንዳለ ቢያነቡት ነገ ወሬው «ወንበሩን ቋምጧል» ነው። ቢዘሉት የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ራስ ያጣል። ልምድ ያላቸው ምክትሎች እዚህ ቦታ ሲደርሱ ውኃ ይጠጣሉ።

አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ብለው የምክትልን አስፈላጊነት ጨርሰውታል። ልብ ይባል፤ ሁለቱም ይተከሉ ነው የተባለው። አንዱን ተክሎ ሌላውን ግድግዳ ማስደገፍ የኋላ ሰዎች ፈጠራ ነው። ሕጋችንም ቢሆን ስለ ሁለተኛው ባላ ብዙ አላወራም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይተው የሚሰጡትን ተግባር እንደሚያከናውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜም ተክቷቸው እንደሚሠራ፣ ተጠሪነቱም ለእሳቸው እንደሆነ ይደነግግና ነገሩን ይዘጋል። ይህ አጭርነት በነሐሴ 2004 ተፈተነ። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዕረፍት ሲሰማ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቦታውን ያዙ፤ በምክር ቤት ቃለ መሐላ የፈጸሙት ግን መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። በመካከሉ በነበረው አንድ ወር ገደማ፣ ሕጉ ስለ አለመኖር ሲናገር ለጉብኝት መውጣትን ብቻ ነው ወይስ ሞትንም ይጨምራል እያለ የሚከራከር አልጠፋም። የአገሪቱ ሁለተኛ ወንበር እንዲህ ከሆነ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ምክትል ምን ይዞ ይከራከራል? የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአፍታ ገለጥ አድርጉ። ዱባይ ያለች እህት ለወንድሟ ጠቅላላ ውክልና ብትልክለት፣ ወንድም ቤቷን እስከ ሦስት ዓመት ማከራየት፣ ዕዳዋን መሰብሰብ፣ ያለባትንም መክፈል፣ የሚበላሽ ዕቃዋን መሸጥ ይችላል። ቤቱን ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ይጠየቃል። ዲግሪና የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ምክትል ሥራ አስኪያጅ የፕሪንተር ቀለም ለማስገዛት ዋናው ከናዝሬት እስኪመለሱ ሲጠብቅ፣ እህቱ ያመነችው ወንድም በሥልጣን ይበልጠዋል ማለት ነው።

የችግሩ ምንጭ የእኛ ባህል ነው፤ አለቃ ማምለክ እንወዳለን የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ ማብራሪያ አይሆንም። አለቃን በየጧቱ በጋዜጣ የሚዘልፉት አሜሪካኖች ለምክትላቸው የሠሩት ወንበር ከእኛ የባሰ ነበር። የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ለሚስቱ ሲጽፍ፣ የሰው ልጅ ካሰባቸው ሹመቶች ሁሉ እዚህ ግባ የማይባለው የእኔው ነው ብሎ አማርሯል። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ ምክትሉ ቢሞት፣ ቢለቅ ወይም ፕሬዚዳንት ቢሆን በቦታው ሌላ መተኪያ ደንብ አልነበረም። በዚህ ሰበብ ወንበሩ 16 ጊዜ ባዶ ሆኗል፤ ዘመኑ ቢደመር ከ37 ዓመት ይበልጣል፤ ናፈቀን ያለ የለም። ቶማስ ማርሻል የተባለው የዉድሮው ዊልሰን ምክትል ይህን አውቆ ሳይቀድሙት ራሱ ላይ ይቀልድ ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ አንዱ መርከበኛ ሆነ፣ አንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱም ወሬ አልተሰማም ይላል። ቀልዱ መራር የሆነው በ1919 ነው። ዊልሰን በጥቅምት ወር ስትሮክ መታው፤ ሚስቱና ሐኪሙ በሩን ዘግተው ማን እንደሚገባና የትኛው ወረቀት እንደሚቀርብ መወሰን ጀመሩ፤ ለማርሻል የሕመሙን ክብደት በወጉ የነገረው የመንግሥት ሰው አልነበረም። የሥልጣን ዘመኑ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ያቺ ታላቅ አገር ፕሬዚዳንቷ ታሞ፣ ምክትሏ ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራው ግን በመኝታ ቤት በር ላይ ቆየ።

ትምህርት ሆኗቸዋል እንዳትሉ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ሃሪ ትሩማን መጣ። ትሩማን ሴናተር ሳለ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ ይመራ ነበር፤ ምን እንደሚሠራባቸው ያልታወቁ ግዙፍ ፋብሪካዎች ላይ ሲደርስ የጦር ሚኒስትሩ እባክህ ይህን ተወው አሉት፣ ተወው። በ1945 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ 82 ቀን ሲቀመጥም የሚነግረው አላገኘም። ሚያዝያ 12 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞቶ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ነው ያው የጦር ሚኒስትር ጠጋ ብለው አንድ እጅግ ኃይለኛ መሣሪያ እየተሠራ መሆኑን ሹክ ያሉት፤ ዝርዝሩን የሰማው ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። አራት ወር ሳይሞላ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ወደቀ። የሰው ልጅ ከወሰናቸው ከባድ ውሳኔዎች አንዱ ቀድሞ እንዳያውቀው በተደረገ ምክትል ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ትሩማን ባሕርይ የሚያማ ነገር የለም፤ ታማኝ ነበር፣ ሥራ ወዳድ ነበር፣ አትጠይቅ ሲባል አልጠየቀም። የጎደለው መረጃ ነው፤ መረጃውንም የከለከለው የወንበሩ አበጃጀት ነው። ይህን የተረዱት ራሳቸው አሜሪካኖች ናቸው፤ በ1949 ምክትሉን በሕግ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት አባል አደረጉት፣ በ1977 ደግሞ ጂሚ ካርተር ለምክትሉ ለዋልተር ሞንዴል ከራሱ ቢሮ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢሮ ሰጠው፣ በሳምንት አንድ ቀን ምሳ አብሮት በላ፣ የሚያነበውንም ምስጢር አስነበበው። ሞንዴል ከዚያ በፊት ከነበሩት ምክትሎች የተለየ ፍጡር ስለሆነ አይደለም ሥራ የሠራው።

አሁን ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል፤ ምክትልን አጠንክረህ አቁመው፣ ነገ ይገለብጥሃል። ይህ ፍርሃት ከአየር የመጣ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መንበሩን ሲይዝ ሊቀ መንበሩ ጄኔራል አማን አንዶም ነበሩ፤ አንደኛ ምክትሉ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም። ጄኔራሉ በኅዳር ተገደሉ፤ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተተኩ፤ አንደኛ ምክትሉ አሁንም ሻለቃ መንግሥቱ። ጄኔራል ተፈሪም ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉ፤ ምክትሉ ሊቀ መንበር ሆኑ። ሁለተኛው ምክትል አጥናፉ አባተም ዓመት ሳይደፍኑ ተከተሉ። ይህን ያነበበ አለቃ ምክትሉን ጎን ለጎን ባያስቀምጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ታሪኩ ሲመረመር የሚያስረዳው ሌላ ነው። ሻለቃው ያን ሁሉ ያደረጉት በውክልና ደብዳቤ በተሰጣቸው ሥልጣን አልነበረም። ኃይላቸው ያለው ወረቀት ላይ ሳይሆን ከጀርባ፣ ኮሚቴው ውስጥና ጠመንጃው ዘንድ ነበር። ወረቀት ላይ ምክትልን ማኮሰስ ከእንዲህ ያለው ሰው አያድንም፤ የሚያኮስሰው ሥልጣኑን በደንቡ መሠረት የሚጠቀመውን ሰው ብቻ ነው።

ደካማ ምክትል ደግሞ ከአደጋ ነጻ ነው ያለው ማነው? ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ዳንኤል አራፕ ሞይ ለአሥራ አንድ ዓመት የጆሞ ኬንያታ ምክትል ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ብዙም አይቆጥሩትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲተካ ቶሎ ያልፋል ተባለ። ቆጥረው ሲጨርሱ 24 ዓመት ገዝቷል። የግብጹ ሆስኒ ሙባረክ ደግሞ ምክትልን የማኮሰስ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻ ጠጣው። እሱ ራሱ ምክትል ሳለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1981 ሳዳት ተገድሎ ወንበሩን የወረሰው፤ ሳዳትም ቀድሞ የናስር ምክትል ነበር። ሁለቴ የታየውን ሦስተኛ ላለማየት ብሎ ይመስላል፣ ሙባረክ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ምክትል ሳይሾም ኖረ። ሕዝቡ ታህሪር አደባባይ ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ 2011፣ ዑመር ሱሌይማንን ሾመ። በ13ኛው ቀን ሁለቱም አልነበሩም። እኛም ዘንድ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን አሉ፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ጄኔራሉ ምክትል ፕሬዚዳንት ከተባሉ ገና ሳምንታት መቁጠራቸው ነበር። ለአንድ ሳምንት ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆኑና ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም እዚያው ግቢ አሳለፉ። ቤቱ ሲነድ ቁልፍ የሚሰጠው ምክትል ምን እንዲያድን ይጠበቃል?

«አንድ ሥራ ሁለት ራስ አይሸከምም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ የተሻለ ክብደት አለው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሥልጣን ከያዘ ሠራተኛው አንዱ የከለከለውን ከሌላው ያስፈቅዳል፤ ይህን የማያውቅ አባትና እናት ያሉት ልጅ የለም። ሆኖም የምለው ሥልጣኑ ይከፈል እንጂ ይደገም አይደለም። ለዚህ ከራሳችን ቤት የቆየ ማስረጃ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን ከእስክንድርያ ታስመጣ ነበር፤ የመጣው አቡን የአገሩን ቋንቋም የአገሩን ሰውም አያውቅም። አቡኑ ይቀባል፣ ይሾማል፣ ታቦት ይባርካል፤ አስተዳደሩን የሚይዘው የአገሩ ልጅ የሆነው እጨጌ ነው። አልፎ አልፎ አለመግባባት አልነበረም አልልም፤ ግን ካህኑም ባላገሩም የትኛውን ጉዳይ ይዞ ወደ የትኛው ደጅ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስም ከዚያው ከእጨጌነት ነው የመጡት፤ ሥራውን ከወንበሩ በፊት ያውቁት ነበር። ቤተ መንግሥቱንም ብናይ ራስ ተፈሪ ከ1909 ጀምሮ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ፤ አገሪቱ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው እሳቸው ሁለተኛው ሰው ሳሉ ነው። በዚያው ዓመት አውሮፓን የዞሩትም እንደራሴው ናቸው፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ቀሩ። ዋናው ቢሮ ተቀምጦ ምክትሉ አውሮፕላን የሚሳፈርበት መሥሪያ ቤት ዛሬ ያገኘ ቢኖር አድራሻውን ያስታውቅ። እንደራሴው ዞሮ ዞሮ ዘውዱን ወስደው የለ ወይ ለሚለኝ፣ አዎ ወስደዋል፤ ሲወስዱት ግን ሥራውን ሀ ብለው አልተማሩትም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት ምክትሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በግልጽ ግን አይናገሩትም። ወንበሩ ይመቻል። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» እንደሚባለው፣ ዋናው ካለ ምክትል የሚነካው የለም። መኪናው፣ የስልክ ካርዱ፣ የቤት አበሉ አለ፤ ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚፈለገው የዋናው ፊርማ ነው። መልካም ዜና ሲሆን «ከክቡርነታቸው ጋር ሆነን ነው የሠራነው»፣ ክፉ ሲሆን «እኔ እንኳ ሐሳብ ሰጥቼ ነበር» ይላል። ከዚህ ምቾት ገፍቶ የሚወጣ ብዙ የለም፤ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የሚጥል ሞኝ አይደለማ። የአሜሪካው ምክትል ጆን ታይለር እ.ኤ.አ. በ1841 ፕሬዚዳንቱ በተሾመ በወሩ ሲሞት፣ «ለተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የሚጻፍለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ይመልስ ነበር ይባላል። እኛ አገር ተጠባባቂ ተብሎ ሦስት ዓመት የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሲመጣ ለሚመጣው ሰው ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ይህም ምቾት ከሰውየው አልመነጨም። ያልተሰጠውን ሥልጣን ቢጠቀም ብቻውን ይጠየቃል፤ ባይጠቀም የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ባለ ስሌት ጀግናም ቢሆን መነጽሩን ያወልቃል።

አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ችግሩን የሚፈታው ምክትል በማብዛት ነው። አንዱ ምክትል ሥራ የለውም ሲባል ሁለት ይጨመርለታል፤ ምንም የሌለው ነገር ለሦስት ይካፈላል። ሦስቱም ስብሰባ ላይ ዋናው ምን እንዳሰቡ ለመገመት ግንባራቸውን ያያሉ። በ2005 ለምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ማዕረግ ሦስት ሰዎች ሲሾሙ ቢያንስ ለእያንዳንዳቸው የሚያስተባብሩት ዘርፍ ተለይቶ ተሰጥቷል። የትኛው ወረቀት በማን ፊርማ ያልቃል የሚለው ካልተጻፈ ግን «የዘርፍ ምክትል» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ለአናጢ ገቢ ከመፍጠር አይዘልም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሰው ወይም አዲስ ሥልጠና አይደለም። ምክትሉ ዋናው ኖሩም አልኖሩም የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይነጥቀው ሥራ ይኑረው፤ ዋናው ሲወጡ ደግሞ ውክልናው እስከ ስንት ብርና እስከ የትኛው ውሳኔ እንደሚደርስ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ጽሑፉም ባለጉዳይ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ይህን የሚፈራ አለቃ የሚፈራው ግልበጣ አይመስለኝም። ከፈቃድ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፋይል ማየት ይወዳል፤ ክምሩ ያለ እሱ ቤቱ እንደማይቆም የሚመሰክርለት ብቸኛ ሰነድ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። አለቃው በዓመት አንዴ፣ ስልኩን ለጸሐፊዋ አስረክቦ፣ የምር ፈቃድ ይውጣ። ፈቃዱም የደመወዝ ቀን መሃሉ ላይ እንዲውል ሆኖ ይሰጠው። ፔሮሉ የምክትሉን ፊርማ ሲጠብቅ ካደረ፣ ውክልናው እንዲጻፍ የሚወተውተውን ሰው ከውጭ መፈለግ አያሻም፤ ከጥበቃው እስከ ፋይናንስ ኃላፊው ያለው ሠራተኛ በሁለተኛው ቀን ምክትሉ በር ላይ ይሰለፋል።